ፕላን (ትራፊክ ፖሊስ ለክቶ የሚስለው የአደጋ ሥዕል) ሳይነሳ "ተስማምተን ነው" ብለው ለሚመጡ

አጎቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ አለው፣ እኔ እዛ ፕሮፎርማ እጽፋለሁ፣ ከኢንሹራንስ ሰዎች ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ በቃ ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው። ከወረቀቱ ጋር ስውል የገባኝ ነገር ቢኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉድ የሚሆነው ገጭቶ ዝም በማለቱ መሆኑን ነው። ግጭቱ ራሱ የላሜራና የቀለም ሥራ ሆኖ እዳው ገብስ የነበረው ነገር ሳይነገር ስለቀረ ብቻ ፖሊስ ጣቢያ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት እያለ ይሄዳል። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ደንበኞቻችን ውስጥ ጠበቃ አለ፣ የሕግ መጽሐፎቹንም ገዝቼ አንብቤያለሁ፣ እና ይሄን ጉዳይ እያንዳንዱ ደንበኛ ላይ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ያለውን ሐረጎን የሚያውቅ ሰው አደጋ ለምን እንደማይጠፋበት አይጠይቅም። ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብትሆንም ጠመዝማዛ ነው፣ በአንድ ጎን ገደል፣ ከታች ከጅቡቲ መስመር የመጣ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣል፣ ከኋላው ሚኒባሱ ልቅደም ብሎ ይወራጫል፣ ክረምት ላይ ጉሙ ሲደፋበት ደሞ ከፊትህ ያለው መኪና ፍሬቻ እንኳን አይታይህም። አንድ ደንበኛችን፣ መምህር ናቸው፣ እዛው ሐረጎ ላይ ከአይሱዙ ጋር ተነካክተው ቪትዛቸውን ይዘው መጡ። የግራ ፓራፋንጎው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ስፖኪዮው የለም፣ በሩ ላይ ከእጄታው በታች የአይሱዙው ሰማያዊ ቀለም እንደ ጭረት ታትሞ ቀርቷል።

"ጋሼ ፕላን ተነስቷል?" አልኳቸው።

"ኧረ ተስማምተናል" አሉኝ። "ጥሩ ልጅ ነው፣ አብሽሩ እኔ ነኝ የማሠራልዎት ብሎ ስልኩን ሰጥቶኛል፣ ወላሂ ብሎ ምሎልኛል።"

ስልኩ በመጀመሪያው ቀን ይነሳ ነበር። ከዛ "ጋሼ ነገ አስገባለሁ" ሆነ፣ ከዛ "አሁን ሚሌ ነኝ ኔትወርክ የለም" ሆነ፣ ከዛ ጭራሽ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። የሰሌዳ ቁጥሩን ጠየቅኳቸው፣ ኮድ 3 አማ መሆኑን ብቻ ነው የሚያስታውሱት። ኮድ 3 አማ አይሱዙ ማለት እኮ ወሎ ውስጥ... ተዉት።

እንግዲህ ያኔ ነው ሙሉ ኢንሹራንስ እንዳላቸው ትዝ ያላቸውና ወደዛ የሄዱት። እዛ ያለችው ልጅ የጠየቀቻቸው ሁለት ነገር ነው፣ አደጋው መቼ ደረሰ፣ የፖሊስ ማስረጃውስ የት አለ። ማስረጃ የለም። ቀኑም አልፏል። የ1952ቱ ንግድ ሕግ አንቀጽ 670 ኢንሹራንስ የገባ ሰው አደጋ መድረሱን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ ማሳወቅ አለበት ይላል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካልገጠመው በስተቀር። የአይሱዙ ሹፌር ስልክ አለማንሳት ከአቅም በላይ አይባልም። አዲሱ ንግድ ሕግ ወጥቷል አይደል የሚል ሰው ይኖራል፣ ወጥቷል፣ ግን የኢንሹራንሱን ክፍል አልነካውም፣ እሱ የድሮው ነው የሚሠራው። ውሉ ላይ ደሞ ብዙ ጊዜ ወዲያውኑ አሳውቅ የሚል ተጨማሪ ነገር አለ፣ ያን ፖሊሲ የሚባል ጥቃቅን ጽሑፍ ማንም አያነበውም፣ እኔም ሥራዬ ባይሆን አላነበውም ነበር።

እሺ ኢንሹራንሱ ይቅር፣ አይሱዙውን አግኝቼ እከሳለሁ ቢሉስ? ይቻላል፣ የ2 ዓመት ጊዜ አለ። ግን እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ አለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084። ሁለት መኪና ሲጋጭ ሕጉ የሚነሳው ሁለቱም እኩል አጥፍተዋል ከሚል ነው፣ የጠቅላላ ጉዳቱንም ግማሽ ግማሽ ይከፍላሉ፣ ጥፋቱ በሙሉ ወይ በዋናነት የአንደኛው ሹፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር። እና በምን ታረጋግጣለህ? ፕላን የለም፣ ዝናቡ የጎማውን ምልክት አጥቦታል፣ የሾፌሩ ረዳት ለሾፌሩ ነው የሚመሰክረው፣ መንገድ ዳር እረኛ ነበረ ቢባል ማን ያመጣዋል። ስለዚህ መስመሩን ይዘው በቀስታ ሲነዱ የነበሩት መምህርና ጠምዞ የገባባቸው ልጅ ሕግ ፊት እኩል ይሆናሉ ማለት ነው። ይባስ ብሎ አይሱዙው ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ እሱም ድምሩ ውስጥ ይገባል። ይሄን ስነግራቸው "ይሄማ ፍትሕ አይደለም" አሉ፣ እኔ ግን እንደው ሳስበው ሕጉ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል፣ ዳኛው ሐረጎ ላይ አልነበረም።

ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ የሚሠራውን ቆሞ ያየ ሰው ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል። ሜትሩን አንዱን ጫፍ አንድ ሰው ይይዝለታል፣ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ጎማው፣ ከጎማው እስከ ሌላኛው መኪና፣ የፍሬኑ ምልክት የት ጀምሮ የት እንዳለቀ፣ መስታወቱ የት እንደተበተነ ይለካና ወረቀት ላይ ይስለዋል፣ የሁለቱንም ቃል ይቀበላል። ለሥዕል የሚሸለም ነገር አይደለም፣ መኪናው ሳጥን ይመስላል፣ ግን ስድስት ወር ቆይቶ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ከሁለቱ ሹፌሮች መሃላ በላይ ይናገራል። በስልክ ፎቶ ማንሳትም ጥሩ ነው፣ የሰሌዳውን፣ የመንጃ ፈቃዱን፣ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከሩን፣ ግን ፎቶው የፖሊሱን ወረቀት አይተካም።

ሰው ለምን አይጠራም ብትሉ ግን እኔ ሞኝነት ነው አልልም፣ ምክንያት አለው። መንገዱ ይዘጋል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ይለቀዋል፣ ትራፊኩ ከደሴም ይውጣ ከኮምቦልቻ ይነሳ ይቆያል፣ መንጃ ፈቃድ ይያዛል ተብሎ ይፈራል። የአይሱዙው ልጅ ደሞ ቅጥር ነው፣ ባለንብረቱ ከሰማ ቁልፉን ነው የሚቀበለው። ስለዚህ "እንስማማ" ሲል እያታለለ ላይሆን ይችላል፣ በዛች ሰዓት ከልቡም ሊሆን ይችላል፣ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ነው ሒሳቡን ሠርቶ የሚጠፋው።

እስካሁን ያወራሁት ቆርቆሮ ነው። ሰው ሲነካ ነገሩ ሌላ ነው።

የትራፊክ ደንቡ ያው ግልጽ ነው፣ አደጋ ያደረሰ ሹፌር ይቆማል፣ የተጎዳውን ይረዳል፣ ለፖሊስ ያሳውቃል። ከዛ በላይ ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 አለ። ሕይወቱ ወይ ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ራሱን አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ ሆነ ብሎ ትቶት የሄደ ማንም ሰው፣ ማንም ነው የሚለው፣ መንገደኛም ቢሆን፣ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይ መቀጮ አለበት። ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ትቶት የሄደው ሰው ከሆነ ደሞ ይከብዳል፣ እስራቱም መቀጮውም አንድ ላይ ይመጣል። ልብ በሉ ይሄ ከግጭቱ የተለየ ወንጀል ነው። ግጭቱ ላይ ጥፋተኛ ባትሆን እንኳን፣ እግረኛው ራሱ ዘሎ ገብቶብህ ቢሆን እንኳን፣ ጥለኸው ከሄድክ በመሄድህ ትከሰሳለህ።

ስለ ባጃጁ ልጅ ልንገራችሁ፣ ባጃጇን እኛ ጋ ነው የሚያሠራት ለዛ ነው ዝርዝሩን የማውቀው። እዚሁ ኮምቦልቻ፣ የገበያ ቀን፣ ሰዉ እንደምታውቁት መንገዱን ሞልቶታል፣ አንዲት አሮጊት ዞር ሲሉ በጎኑ ነካቸውና በቂጣቸው ተቀመጡ። ወርዶ አነሳቸው። "እማማ ጤና ጣቢያ ላድርስዎት" አላቸው፣ እሳቸው ነጠላቸውን እያራገፉ "ኧረ ሂድ ልጄ፣ ምንም አልሆንኩ፣ አላህ ይጠብቅህ፣ ሥራህን አትፍታ" አሉት። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ለሻይ ብሎ ትንሽ ብር በእጃቸው አስይዞ፣ መርቀውት ሄደ።

ማታ እግራቸው መሬት አልረግጥ አለ። ልጆቻቸው ደሴ ሆስፒታል ወሰዷቸው፣ ራጅ ተነሱ፣ ዳሌያቸው ተሰንጥቋል። ሐኪሙ በምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ባጃጅ ነው ተባለ፣ ፖሊስ ጋ ተመዘገበ፣ ልጆቹም በንዴት "ገጭቷት አመለጠ" ብለው ነው ያስመዘገቡት። ሰሌዳውን ማንም አላየም፣ ግን ከኋላ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ አንድ ሊስትሮ ያስታውሳል (ሊስትሮ የማያስታውሰው ነገር የለም፣ ለመርማሪነት እነሱን ነበር መቅጠር)። ተራ ላይ ሰልፍ ይዞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው የያዙት።

ልጁ "ሂድ ብለውኝ ነው የሄድኩት" አለ፣ እውነቱን ነው፣ እሳቸውም ቃላቸውን ሲሰጡ "እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት፣ ልጁ ምን አደረገ" ብለውለታል። አመለጠ የሚለውም በዚህ ነው የቀለለለት። ግን እስከዛ ድረስ መዝገቡ ላይ "አመለጠ" ተጽፎ ነው ሲመረመር የነበረው፣ ዋስትና ሲጠይቅም ያቺ ቃል ነበረች የምትነሳበት፣ ምክንያቱም ዳኛ ዋስ ሲፈቅድ የሚያስበው ይሄ ሰው ተመልሶ ይቀርባል ወይ የሚለውን ነው። አንዴ ጠፍተሃል የተባለ ሰው ምን ይላል? የዛኑ ቀን አሮጊቷን ይዞ ጤና ጣቢያ፣ ከዛ ፖሊስ ጣቢያ ጎራ ብሎ "እንዲህ እንዲህ ሆኗል፣ እሳቸው ደህና ነኝ ብለዋል፣ ስሜ ይሄ ነው" ቢል ኖሮ መዝገቡ የሚጀምረው በሱ ቃል ነበር።

የዋስትናውን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ተጎጂው ሊሞት የሚችልበት ሁኔታ ካለ ዋስትናን ያጠብቀዋል። ሹፌሮች "እስኪለይለት" የሚሉት ይሄን ነው። ሰውዬው ሆስፒታል ተኝቶ ሐኪም ከአደጋ ወጥቷል የሚል ነገር እስካልጻፈ ድረስ አንተ ውስጥ ነህ። ይሄ ሪፖርት ያደረገውንም ይይዘዋል፣ አልዋሽም፣ ብዙ ሹፌር የሚሸሸውም ይሄን ስለሚያውቅ ነው።

ቅጣቱስ ካላችሁ፣ ሹፌር ሥራው መንዳት ስለሆነ ሕጉ ከሌላው ሰው ከበድ አድርጎ ነው የሚያየው። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ያደረሰ ሹፌር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ከ6 ወር የማያንስ ቀላል እስራትና መቀጮ አለው። ሰው ከሞተ አንቀጽ 543 ነው፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ከ3000 እስከ 6000 ብር መቀጮ ጋር። ሁለትና ከዛ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ሹፌሩ ደንብ እያወቀ ጥሶ ወይ ጠጥቶ ከነበረ ወደ ጽኑ እስራት ይገባል፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት። እና ልብ በሉ፣ የሸሸ ሹፌር ጠጥቶ እንዳልነበር የሚያሳይበት ምንም ነገር የለውም። ባይጠጣም ሰው የሚለው "ሰክሮ ስለነበር ነው የጠፋው" ነው።

በተቃራኒው ያለው ደሞ ብዙ አይወራለትም፣ አንቀጽ 82። ቅጣት ማቅለያ ነው፣ ጥፋቱን ካደረሰ በኋላ የተጎዳውን የረዳ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ እጁን ለመንግሥት አካል የሰጠ፣ ጉዳቱን በተቻለው የካሰ ሰው ይቀልለታል ብሎ በግልጽ ጽፎታል። ማለትም ወርደህ ሰውየውን ማንሳትህና ጣቢያ መሄድህ ራሱ መዝገብህ ላይ የሚገባ ነገር ነው።

ሽምግልናውን ረስቼው አይደለም። ወሎ ላይ ተቀምጦ ሽምግልናን መርሳት አይቻልም፣ አበጋሮቹ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ ማለት ነው፣ ይገባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ የባጃጁም ልጅ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ልከው ከአሮጊቷ ልጆች ጋር ታርቀዋል፣ አሁን ሰላም ይባባላሉ። እኔ ይሄን በጣም ነው የማከብረው፣ ፍርድ ቤት የማያድነውን ቂም ያድናል። ግን እርቁ ዓቃቤ ሕጉን አያስቆመውም፣ ክሱ ቀጥሏል፣ የእርቁ ወረቀት የጠቀመው ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ነው። "ታርቀናል እኮ" ብሎ ቀጠሮ የቀረ ሰው አውቃለሁ፣ ታስሮ ነው የቀረበው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሹፌሮች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፣ "ብቆም ይደበድቡኛል፣ መኪናዬን ያቃጥላሉ"። ይሄ ባዶ ፍርሃት አይደለም፣ በተለይ ሕጻን ከተገጨ። ሕጉም ቢሆን ራስህን አደጋ ላይ ሳትጥል ነው የሚለው እርዳታውን፣ ለዱላ ቁም አላለም። ግን ከቦታው መራቅና መጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐረጎ ላይ ከሆንክ ወይ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ጣቢያ ነህ፣ ቀጥ ብለህ ሂድና እጅህን ስጥ፣ መንገድ ላይ እያለህ ለ907 ደውለህ አምቡላንስ ጥራ፣ አብሮህ ያለው ሰው ለፖሊስ ይደውል። እንዲህ ያደረገ ሹፌር አውቃለሁ፣ የገጨውን ሰው ሳያነሳ ነው የሄደው፣ ግን ጣቢያ የገባበት ሰዓትና አምቡላንስ የጠራበት ሰዓት ስለተመዘገበ ጥሎ ጠፋ የሚል ክስ አልቀረበበትም። መኪናውን ግቢ ውስጥ አስገብቶ ሸራ አልብሶ፣ ስልኩን አጥፍቶ ዘመድ ቤት የገባ ሌላ ነው።

ይሄ ሸራ የማልበስ ነገር ነው እኛ ጋራዥ ድረስ የሚመጣው። ማታ ይደውላሉ፣ "ፓራውልቱን ብቻ፣ ኮፈኑን ትንሽ ቀጥ አድርጉልኝ፣ ዋጋ አልከራከርም"። ዋጋ አልከራከርም የሚል ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ሲገኝ እኮ መደንገጥ ነው ያለብህ። አንዴ ባትላሜራችን መብራቱን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ግሪሉ ላይ የተሰካ የጨርቅ ክር አየና መፍቻውን አስቀምጦ አጎቴን ጠራው። አጎቴ መኪናው ላይ እጁን ሳያሳርፍ "የፖሊስ ወረቀት አምጣ" ብሎ መለሰው። የወንጀል ምልክት እያወቀ ያጠፋ፣ ተጠርጣሪውን ከክስ እንዲያመልጥ የረዳ ሰውም ራሱ ይቀጣል፣ ስለዚህ ጥቂት ብር ብለህ ስቱኮ ስትቀባ የሰው ወንጀል ውስጥ ነው የምትገባው። ሹፌር ቀይረው የሚቀርቡትም ያው ናቸው፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጃቸው ገጭቶ አባትየው "እኔ ነበርኩ" ይላል። መጀመሪያ ለፖሊስ ይዋሻል፣ ከዛ ያንኑ ውሸት ለኢንሹራንስ ይጽፋል፣ ሲነቃ ካሳውም ይቀራል የሐሰት ነገርም ይጨመርበታል።

የተጎጂው በኩል ደሞ እንየው። የሶስተኛ ወገን አዋጁ፣ ቁጥር 799/2005፣ በመኪና የተጎዳ ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ያደርጋል፣ ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳን ከመድን ፈንዱ ካሳ የሚያገኝበት መንገድ አለ። ግን ፈንዱም ቢሆን ፖሊስ የመዘገበው አደጋ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ቤተሰብ "ሹፌሩ ጠፍቷል ምን ዋጋ አለው" ብሎ ሳያስመዘግብ ከቀረ ያቺንም ያጣል። ሹፌሩ ኋላ ከተገኘ ደሞ ፈንዱ የከፈለውን ከሱ ይጠይቃል።

እንስሳ ለገጩም፣ በባቲ በኩል ግመል ወይ ከብት የገጨ ሰው ባለቤቱ የለም ብሎ ይነዳል፣ ባለቤቱ ሁሌ አለ፣ እሱም ንብረት ነው፣ እሱም ይመዘገባል።

የመጨረሻው ለባለንብረቶች ነው፣ በተለይ ባጃጅና አይሱዙ ገዝታችሁ በሹፌር ለምታሠሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆንም እንኳን። ሹፌርህ ገጭቶ ካልነገረህ አንተ ሳታውቅ አምስቱ ቀን ያልፋል ማለት ነው፣ አምስቱ ቀን የሚቆጠረው ካወቅክ ጀምሮ ነው ብትልም አለማወቅህን አንተው ነህ የምታስረዳው። የባጃጁ ልጅ ባለንብረት ነገሩን የሰማው ፖሊስ ደውሎለት ነው። አሁን አዲስ ሹፌር ሲቀጥር ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት የሚለው "ብትገጭ አላባርርህም፣ ገጭተህ ካልደወልክልኝ ግን በዛኑ ቀን ቁልፌን ነው የምቀበልህ" ነው፣ ስልኩንም ከፊት መስታወቱ በላይ በማርከር ጽፎ ለጥፎታል።